የአንዲት ቀለበት ነገር

ፊደል ድምፅ የለውም የሚል ሰው ቢገጥመኝ አልከራከረውም፤ የእናቴን የሙት ዓመት ማስታወሻ አውጥቼ አሳየዋለሁ።

የማስታወሻውን ስንኞች የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ የፊደሉን ዓይነት የመረጥኩትም እኔው ነኝ። እናቴ ገራገር ነበረችና ገራገር የሚመስል ፊደል ፈለግሁላት፦ ወፍራም፣ ጫፉ የተድቦለቦለ፣ ማዕዘን የሌለው። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያምር ነበር። በትንሿ ወረቀት ላይ በደቃቁ ሲታተም ግን የ«ቴ» ቀለበት በቀለም ተደፈነች። አክስቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነበው፣ «እናቴ» ያልኩት ቦታ ስትደርስ «እናቲ» አለች። ቀና ብላም አየችኝ።

ከዚያ ወዲህ የድቡልቡል ፊደላትን ነገር አብዝቼ አስባለሁ። ከእነርሱ መካከል ስመ ጥሩው «ቫግ ራውንድድ» ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ለጀርመኑ መኪና አምራች ለፎልክስዋገን ተሠራ። «ኦ»ው በኮምፓስ የተከበበ ይመስላል፤ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፤ የመስመሩ ጫፍም እንደ ጣት ጫፍ ክብ ነው። ኋላ በአፕል ኮምፒውተሮች ቁልፎች ላይ ለዓመታት ኖረ፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በሌላ ይተካ ጀመር። ብዙ ግጥሞቼን የጻፍኩት በእነዚያ ቁልፎች ነው፤ ጣቴ ክቡን የላቲን ፊደል ይነካል፣ ስክሪኑ ላይ የግዕዙ ፊደል ይወጣል።

ስለዚህ ይህን ፊደል አልጠላውም። በቁልፍ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ብቻውን ይቆማል፤ በመደብር ሰሌዳም ላይ ስሙ ጎልቶ ይጻፋል። በዚያ ቦታ ክብነቱ ደግነት ነው፤ ማንንም አያሳስትም።

የእኛ ፊደል ግን በመቃ ብዕር ያደገ ነው። ወፍራምና ቀጭን መስመር አለው፤ ቀለበቷም የምትተነፍሰው ቀጭኑ መስመር በሚተውላት ቦታ ነው። ላቲኑ አናባቢውን ራሱን የቻለ ሌላ ፊደል አድርጎ ያስከትላል፤ ግዕዝ ግን ከፊደሉ እግር ሥር ባለች ጭረት ወይም ቀለበት ብዙ ይናገራል። «ቤቴ» ስል ቤቱ የእኔ ነው፤ ቀለበቷ ስትደፈን «ቤቲ» የምትባል ሴት ትመጣለች።

ውድ አንባቢ፣ የግዕዝን ፊደል ማድቦልቦል ነውር ነው አላልኩም፤ «ዐ» እና «ወ» ድሮም ክብ ናቸው። ለፊደል ቀራጮቻችን ግን አንድ ልመና አለኝ፦ ሥራውን ከመስመሩ ጫፍ አትጀምሩ፤ ከቀለበቷ ጀምሩ። ገጣምያንም የፊደሉን ውበት በትልቁ ርእስ ሳይሆን በደቃቁ ስንኝ፣ ያውም ወረቀት ላይ አትመው ይፈትኑት። የፊደል ጫፍ ቢሾል ማንንም አይወጋም፤ ቀለበቷ ስትደፈን ግን «የእኔ» ማለት ይጠፋል።