ሄሊኮፕተሩ ይቆየንና ክራንኩን እንይ

ዜናው ሁሌም አንድ ነው። ከአንድ ወረዳ አንድ ታዳጊ ይገኛል፤ ከቆርቆሮ፣ ከአልጋ ብረትና ከሞተር ሳይክል ሞተር ሄሊኮፕተር ሠርቷል። ካሜራ ይሄዳል። ክንፉ ሲሽከረከር ይቀረጻል። የወረዳው ኃላፊ «ድጋፍ ቢደረግለት» ይላሉ። ጋዜጠኛው «ተስፋ የተጣለበት የፈጠራ ባለሙያ» ብሎ ይሰናበተናል። ሄሊኮፕተሩ አይነሳም። ለምን እንዳልተነሳም ማንም ተመልሶ አይጠይቅም። በሳምንቱ ሌላ ወረዳ፣ ሌላ ሄሊኮፕተር።

ከልጁ ጋር ጸብ የለንም። እንዲያውም ጎበዝ ነው። ጸባችን «ፈጠራ» የሚለውን ቃል ቆርጠው ለሚበር ነገር ብቻ ከሰጡት ጋር ነው። በዚያው ሰሞን እኮ፣ ያቺው ካሜራ በተነሳችበት ከተማ ውስጥ፣ ጣሊያንኛውን ተውሰን ሬቲፊካ በምንለው ቤት፣ እጁ በዘይት የጠቆረ ሰው የሞተ አይሱዙ እያስነሳ ነበር። እሱን የሚቀርጽ የለም። ምኑ ይቀረጻል? አይበርም፣ አያጨስም፣ አያጨበጭብም።

ወገን፣ ይህ ሰው ምን እንደሚሠራ እናውቃለን?

ክራንኩ ሲመጣለት ተበልቷል፤ ክብ የነበረው ሞላላ ሆኗል። በዓይን አይታይም። ባለሙያው በማይክሮ ሜትር ይለካዋል። ከዚያ መሞረጃ ማሽን ላይ አስሮ 0.25 ሚሊሜትር፣ ጉዳቱ ከባሰ 0.50 ያነሳለታል፤ ለቀነሰው ልክ ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገባል። በክራንኩና በብሮንዚናው መካከል ዘይት የሚያልፍበት ክፍተት የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ነው። የሰው ፀጉር እንኳ ሰባት መቶኛ ገደማ ይወፍራል። ክፍተቱ ከጠበበ ሞተሩ ይነክሳል፤ ከሰፋ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፤ መኪናው ከወር በኋላ አባይ በረሃ ላይ ይቆማል። ክራንኩ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ጎባጣ ማዕዘን ረስቶ ሹል ካደረጋት ደግሞ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምርና ብረቱ ለሁለት ይከፈላል።

ድንጋዩም የራሱ ፍልስፍና አለው። ለጠንካራ ብረት ጠንካራ ድንጋይ ይመስላችኋል? ተቃራኒው ነው። ለጠንካራ ብረት የሚመረጠው ፍሬውን ቶሎ የሚለቅ ለስላሳ ድንጋይ ነው። የደነዘዘው ፍሬ ረግፎ ከሥሩ ስለታሙ እንዲወጣ ነው ዘዴው። ይህን የማያውቅ ሰው ብረቱን ያቃጥላል፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይተክልበታል። ሲሊንደሩም ቢሆን እንደ መስታወት ከለሰለሰ ተበላሸ ማለት ነው፤ ዘይት የሚይዙ የተመሳቀሉ ጭረቶች በሆኒንግ ሊወጡለት ይገባል። ጭረቱ ከበዛ ፋሻውን ይበላዋል፣ ካነሰ ዘይት አይቆምበትም። «ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ቤት ግን ሙያ በመቶኛ ሚሊሜትር ነው።

ይህ ተራ ጥገና ነው እንጂ ፈጠራ አይደለም የሚለን ካለ፣ የፈጠራን ታሪክ ራሱን እንጠይቅ። ጀምስ ዋት ለእንፋሎት ሞተሩ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1769 ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ሞተሩ ግን ለዓመታት ሥራ ላይ ሊውል አልቻለም። አንዱ ትልቅ ምክንያት? ትልቁን ሲሊንደር በትክክል ክብ አድርጎ የሚቦረቡር ሰው አልነበረም፤ እንፋሎቱ በፒስተኑ ጎን እያፏጨ ያመልጣል። በ1774 ጆን ዊልኪንሰን የሚባል ብረት ሠሪ ለመድፍ መቦርቦሪያ ፓተንት አወጣ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የመቦርቦሪያውን ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ደግፎ የዋትን ሲሊንደር ክብ አደረገለት። በ1776 ሞተሮቹ ሥራ ጀመሩ። ዓለም የዋትን ስም ያውቃል። ያለ ዊልኪንሰን ቀዳዳ ግን ዋት ወረቀት ብቻ ነበር።

እንቀጥል። እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን ሰው ሠራሽ አልማዝ ለማግኘት ሲሞክር ሲሊከን ካርባይድ አገኘ፤ ካርቦረንደም ብሎ ሰየመው። የአልማዝ ሕልሙ አልተሳካም፤ ዓለም ግን ሰው ሠራሽ የመሞረጃ ድንጋይ አገኘ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቻርለስ ኖርተን ከባድ የመሞረጃ ማሽን ሠርቶ ሰዓታት ይፈጅ የነበረውን ክራንክ የመሞረድ ሥራ ወደ ደቂቃዎች አወረደው። መኪና ለብዙኃን የደረሰው በፎርድ ብልኃት ብቻ ይመስለናል፤ ከኋላው ድንጋይ ሲሽከረከር ነበር። በዚያው ዘመን ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ሾፕ ቀልጦ የሚረጭ ብረትን ፈለሰፈ። ዛሬ በጣም የተበላ ዘንግ ላይ ብረት ተረጭቶበት እንደገና የሚሞረደው በዚያ መንገድ ነው። እንግዲህ ጥገና ከፈጠራ ውጭ ነው ያለን ማነው?

እኛ አገር ችግሩ ከካሜራው ይቀድማል። ብረት የሚያቀልጠውን «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ»፣ ሲብስም «ቡዳ» ስንለው ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን መስደብ ይብቃ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ቀንሷል፤ ንቀቱ ግን ልብስ ቀይሮ «ቴክኒክና ሙያ የገባው ውጤት ስላልመጣለት ነው» የሚል ሆኗል።

የመንግሥትም በሽታ ያው ነው፤ የእሱ ሄሊኮፕተር ብቻ ትልቅ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሜቴክ ተቋቋመ። የስኳር ፋብሪካ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የሕዳሴው ግድብ የብረታ ብረት ሥራ ሁሉ በላዩ ተከመረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መንግሥት የግድቡን ሥራ እንደሚነጥቀው አስታወቀ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ኃላፊዎቹ ሲታሰሩ በቴሌቪዥን አየን። ስለ ሙስናው ብዙ ተባለ። ከመቶኛ ሚሊሜትር ሳይጀምሩ ከግድብ ተርባይን ስለመጀመር ግን ስንቱ ጻፈ?

«አሁን ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ የምን ክራንክ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አድርጓል። ታዲያ ይህ የሚያሳየው የማንን አስፈላጊነት ነው? አዲስ ካልገባ፣ ያለው ነው የሚታደሰው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሙሉ ሞተር ከውጭ ማስመጣትና ያለውን ክራንክ አስሞርዶ ብሮንዚና ብቻ መግዛት ለአንድ የሚኒባስ ባለቤት የመኖርና ያለመኖር ልዩነት ነው። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የምንቆም ሁሉ የዚህ ሒሳብ ከፋዮች ነን። ደግሞስ የኤሌክትሪክ ሞተር ዘንግ የለውም? ኩሽኔታው የሚገባበት ቦታ በመቶኛ ሚሊሜትር አይለካም? ነዳጁ ይቀየር ይሆናል፤ ሙያው ግን ያው ነው።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው።

ለሚዲያው፦ ፈጠራ ልትዘግብ ስትሄድ «ይሠራል ወይ? ስንት ለካህ?» ብለህ ጠይቅ። ጭብጨባ ዜና አይደለም።

ለሙያ ማሠልጠኛዎች፦ ተማሪ ቶርኖ ላይ ከመቆሙ በፊት የራሱ ማይክሮ ሜትር ይኑረው። ለሃያ ልጅ አንድ መለኪያ እያዞሩ ትክክለኛነት አይማሩም።

ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፦ አዋጅ ቁጥር 123/1987 «አነስተኛ ፈጠራ» ለሚለው ሥራ አምስት ዓመት፣ ሲታደስም አምስት ተጨማሪ ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሕጉ የተጻፈው ማሽን በሌለበት ማሽን ለሚያበጅ፣ መያዣ ለሚፈለስፍ ሰው ነው። ያ ሰው ቢሮ አይመጣም፤ ሥራ ላይ ነው። እናንተ ሂዱለት፣ ሶማሌ ተራን ጠይቃችሁ ታገኙታላችሁ።

ለባለ መኪናውም፦ «ስንት ትቀንስልኛለህ?» ብቻ አትበል። ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካውን በወረቀት ጠይቅ። ያን ጊዜ ደህናው ባለሙያ ከአጭበርባሪው ይለያል፣ የደህናውም ዋጋ ይታወቃል።

ያ ከወረዳ የመጣው ታዳጊም ቢሆን ከሙገሳ በላይ የሚጠቅመው አንድ ዓመት ሬቲፊካ ቤት መቀመጥ ነው። ዘንጉ ክብ ካልሆነ ክንፉ ይንቀጠቀጣል፤ ሄሊኮፕተሩ ያልተነሳው አንድም በዚህ ይሆናል። ይህን የሚነግረው ሰው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ምናልባት እዚያው፣ ድንጋዩ አጠገብ፣ ቱታውን ለብሶ ቆሟል።