የሟች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የወራሾች ኃላፊነት

ግብር ከፋይ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ሥራው ወዲያውኑ አይቆምም። ተከራይ ኪራዩን በወሩ ይከፍላል፤ አከፋፋይ ዕቃ ያመጣል፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውም በሟች ስምና መለያ ቁጥር ደረሰኝ ማተሙን ይቀጥላል። ቤተሰቡ በሐዘን ላይ በመሆኑ፣ አንዳንዴም ወራሾች በክፍፍሉ ገና ባለመስማማታቸው፣ ይህ ሁኔታ ዓመታትን ሊያስቆጥር ይችላል። የግብር ምዝገባው ከፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ጋር እየተሳሰረ በሄደ ቁጥር ግን እንዲህ ያለው አሠራር መደበቂያ እያጣ ነው። ቁጥሩ የሚገናኘው ከሕያው ሰው አሻራ ጋር ነውና።

በዚህ ረገድ ተደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ የሟችን ቁጥር መውረስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። አይቻልም። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መለያ ቁጥሩ የተሰጠው ሰው የግል ቁጥር መሆኑን፣ ሌላ ሰውም ሊጠቀምበት እንደማይችል ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወደ ወራሾች የሚተላለፈው በሞት ምክንያት የማይቋረጥ መብትና ግዴታ ነው። ስለሆነም ልጅ የአባቱን ሱቅ ሊወርስ ይችላል፤ የአባቱን አሥር አኃዝ ግን አይወርስም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወራሾች ለውርሱ የተለየ ቁጥር እንዲሰጣቸው ሲጠይቁ ይስተዋላል። ጥያቄው መነሻ አለው፤ በአሜሪካ ለምሳሌ የሟች ንብረት እስኪጣራ ድረስ ከአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት የራሱን መለያ ቁጥር ያገኛል። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 942 ውርሱ እስኪጣራ ድረስ ራሱን የቻለ የተለየ ንብረት እንደሆነ ይናገራል። ይሁን እንጂ በአገራችን የተለመደው አሠራር የሟች ምዝገባ ተዘግቶ ወራሾች በየራሳቸው ቁጥር መቀጠላቸው ነው።

ትኩረት የሚያሻው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ሟች በኑዛዜ አጣሪ ካልሾመ፣ ሕጉ ወራሾችን ራሳቸውን አጣሪዎች ያደርጋቸዋል። የሱቁን ቁልፍ የተረከበው ታላቅ ልጅ ራሱን አጣሪ ብሎ አይጠራ ይሆናል፤ ኃላፊነቱ ግን አለበት። በታክስ አስተዳደር አዋጁ መሠረት የሟችን ንብረት የሚያጣራ ሰው ኃላፊነቱን ከተረከበ ወይም ንብረቱን ከያዘ በ14 ቀናት ውስጥ ለግብር አስገቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። ያልተከፈለው ግብር ተወስኖ ሳይነገረው ያለ ፈቃድ ንብረቱን ቢያስተላልፍ፣ ለግብሩ መያዝ በነበረበት ገንዘብ መጠን በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። ወንድምና እህት ተስማምተው ከተካፈሉ በኋላ የሚመጣው የግብር ጥያቄ በቤተሰብ መካከል የሚፈጥረው ቅሬታ ከገንዘቡ መጠን በላይ ነው።

የዕዳው ቅደም ተከተልም በሕግ ተለይቷል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1014 መሠረት ከውርሱ በቅድሚያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ከዚያ የማጣራትና የማስተዳደር ወጪ፣ ቀጥሎም የሟች ዕዳ ይከተላል። ግብርም ከሟች ዕዳዎች አንዱ ነው። የቀለብና የኑዛዜ ስጦታ ተራ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንዶች ሞቱን ለግብር መሥሪያ ቤት ከማሳወቅ የሚቆጠቡት ውርሱ ራሱ ግብር ይጠየቅበታል ብለው በመስጋት ነው። በአገራችን የተለየ የውርስ ግብር የለም። ዝምታው የሚያተርፈው ቅጣትና ወለድ ብቻ ነው።

ገቢውም መለየት አለበት። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ፣ በጥር ወር ለሞተ ግብር ከፋይ እስከ ሞተበት ቀን የተገኘው ገቢ የሟች፣ ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው ኪራይና ሽያጭ ደግሞ የወራሾች ነው። ይህን ለመለየት የሚያስችለው ዋናው ማስረጃ የሞት ምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሆን፣ ሞት በ30 ቀናት ውስጥ በመኖሪያ አካባቢ ለሚገኝ የክብር መዝገብ ሹም መመዝገብ ይኖርበታል። የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው በፍርድ ቤት ነው፤ በአዲስ አበባ ጥያቄው ለከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሁለቱን ሰነዶች፣ የሟችን መለያ ቁጥር፣ የንግድ ፈቃዱንና የሂሳብ ሰነዶቹን ይዞ ሟች ግብር ይከፍልበት ወደነበረው ቅርንጫፍ መቅረብ ተገቢ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ካለም በዚያው ጊዜ ይነገር፤ በሟች ስም የታተመ ደረሰኝ ገዥውንም ወጪው ተቀባይነት እንዳያገኝ ለክርክር ይዳርገዋል።

በውጭ አገር የሚኖር ወራሽ በአካል መምጣት ካልቻለ፣ በአቅራቢያው ባለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የውክልና ሰነድ አረጋግጦ መላክ ይችላል። በውክልናው ላይ ተወካዩ በግብር ጉዳይ መቅረብና መክፈል እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ፤ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል አጠቃላይ ቃል ብቻ ያለው ሰነድ ተወካዩን ለተጨማሪ ምልልስ ሊዳርገው ይችላል።