ከእጅ በፊት ዓይን ይቅደም

 

ባለፈው ሳምንት በሸራው ክፍላችን ውስጥ ተማሪዎቻችንን «ከዱር አራዊት ሁሉ የምትፈሩት የትኛውን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ግማሹ «አንበሳ!» አለ፣ ግማሹ «ጅብ!» አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጊንጥ» አለች። ልጆቹ ሳቁባት። እኛ ግን አልሳቅንም። ከካርቱም፣ ከአል-ጣኢፍ ሰፈር ይዘነው የመጣነው አንድ ትዝታ አለንና።

መቼም አንበሳ የፈራ ልጅ አይፈረድበትም። ነገር ግን በካርቱም የታወቁት አንበሶች ከሚያስፈሩት ይልቅ የሚያሳዝኑ ነበሩ። በጃንዋሪ 2020 (እ.ኤ.አ.) በአል-ቁረይሺ መናፈሻ በረት ውስጥ የነበሩት አምስት አንበሶች ምግብና መድኃኒት አጥተው የጎድን አጥንታቸው ይቆጠር ነበር። አንዷም ሞተች። ፎቶግራፋቸው ዓለምን ከዞረ በኋላ ነው እርዳታ የደረሰላቸው። የአራዊት ንጉሥ የምንለው እንኳ እንደኛው የሰው እጅ ሲጠብቅ ታየ። በዚያው ከተማ ልጃችንን ሊነጥቀን የነበረው ደግሞ ከጣት የማይበልጥ ፍጡር ነው።

ነገሩ የሆነው ከዚያ በፊት፣ በ2019 በአንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ያን ጊዜ በአል-ጣኢፍ በተከራየናት ጠባብ ግቢ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ፊደል እናስቆጥር ነበር። ልጆቹ ከቤትና ከግቢ በቀር የሚያውቁት የለም። «ዛሬ ትምህርቱ በእግር ነው» አልናቸውና አሥራ አንዱን አሰልፈን፣ አንዲት እናት ከኋላ እየጠበቁልን፣ ወደ አል-ጀሪፍ ወንዝ ዳር ወረድን።

ከዳርቻው ደርሰን «ይሄ ውሃ እኮ አባይ ነው፣ ከጣና የመጣ» ስንላቸው ማን ይመነን! «ውሸት! አባይ ያለው ኢትዮጵያ ነው» አለ አንዱ። ከላሞቹ እግር ሥር ነጫጭ ወፎች ነፍሳት ይለቅማሉ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን ሲያራግብ ቆየና እንደ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከሸምበቆው መሐል አርጃኖ ብቅ ሲል ግን ሰልፉ ፈረሰ። «አትሩጡ! አርጃኖ መርዝ የለውም፣ ካልያዛችሁት ምንም አይላችሁም» ብንል ማን ሰምቶን።

ሮጠው የተጠጉት በወንዙ ዳር ወደተከመረው ጡብ ነበር። የስምንት ዓመቱ ልጅ ለመውጣት እጁን በጡቦቹ መሐል ሰደደና ጮኸ። ቢጫ ጊንጥ ነው።

እዚህ ላይ ስህተታችንን ሳንደብቅ እንናገር። የነጠላ ጫፍ ቀደን ክንዱን ጥርቅም አድርገን አሰርነው። እናቲቱም «ደሙ ይፍሰስ» ብለው ምላጭ መፈለግ ጀመሩ። ጡብ የሚተኩሱ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ «ላ! ላ ያ ኡስታዝ!» እያሉ ደረሱ፣ ቋጠሯችንን ፈቱት፣ ልጁን አቅፈው ርክሻ አስቆሙ። ክሊኒክ ስንደርስ ያስመልሰው ነበር፣ ልብሱም በላብ ርሷል። እስከ ማታ ሲከታተሉት ቆይተው ዳነ። ባለ ርክሻው ሒሳብ ስንሰጠው እጁን መለሰው። ሐኪሙም «ያዳነው ቶሎ መምጣታችሁ ነው፣ ማሰራችሁ አይደለም» አለን። መምህር ነን፣ ሳናውቅ እንደሚያውቅ ሰው አሰርን። ያ ቋጠሮ እስከ ዛሬ ከሕሊናችን አልወጣም።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከግቢ አንወጣም አሉ። ከወር በኋላ አግባብተን ወሰድናቸው። ሕጋችን አንድ ብቻ ነበር፦ ከእጅና ከእግር በፊት ዓይን ይቅደም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ፈንድቶ እስክንበተን ድረስ በዚሁ ሕግ ብዙ ዓርብ ወጥተናል፣ ማንም አልተነደፈብንም።

ታዲያ ይህ ለእኛ ለመጠለያ ሰዎች ምን ይጠቅማል? እዚህ የምንኖረው በድንጋይ፣ በማገዶና በሸራ መሐል ነው። ራሽን ባለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ባለበት እባብ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በእባብ ይነደፋል፣ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆነው ይሞታል። ድርጅቱ በ2017 ችግሩን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ከዝናቡ በፊት እንነጋገር።

አንደኛ፣ ጫማና ልብስ ሳይራገፍ አይለበስ። ማገዶ ስናነሳ በመጀመሪያ በዱላ እንነካካው። ማታ ወደ ሽንት ቤት ያለ ባትሪ አንሂድ። እህሉን ከድነን ከመኝታ እናርቀው።

ሁለተኛ፣ እባብ ከነደፈ አንቁረጥ፣ አንምጠጥ፣ አጥብቀን አንሰር፣ ጥቁር ድንጋይም አንለጥፍ። ቀለበትና አምባር ቶሎ እናውልቅ፣ ሊያብጥ ይችላልና። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፈን እንዳይንቀሳቀስ እናድርግ። ሰውየው በራሱ እግር አይሂድ፣ በቃሬዛ ይወሰድ። እባቡን ለመያዝ ማንም አይሩጥ። በሱዳንና በአካባቢው ቆላ መርዙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ትንሽ እፉኝት አለ፣ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ «አላመመኝም» ብሎ ቤት መቀመጥ የለም። መርዙን የሚተፋው እባብ ዓይን ውስጥ ከረጨ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው፣ ከዚያም ወደ ክሊኒክ።

ሦስተኛ፣ ጊንጥ የነደፈው ልጅ ከሆነ አንጠብቅ። ለአዋቂና ለልጅ የሚገባው መርዝ አንድ ነው፣ የልጅ ሰውነት ግን ትንሽ ነው። ማስመለስ፣ ብዙ ላብ፣ ለሀጭ መዝረብረብ፣ ትንፋሽ መቆራረጥ ካየን ነገሩ አስቸኳይ ነው። ምልክቱ እስኪመጣ መቆየትም አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ስንል ልጆቻችሁን ሸራ ሥር ዝጉባቸው ማለታችን አይደለም። ይውጡ፣ ወፉንም ጉንዳኑንም ይመልከቱ፣ ስሙን ጠይቀው ይወቁ። ብቻ ቀድመው አይተው ይንኩ።

ያችን «ጊንጥ» ያለችውን ልጅ ከክፍል በኋላ «ለምን አልሽ?» ብለን ጠየቅናት። «እማዬ ሁልጊዜ ጫማሽን አራግፊ ትለኛለች። አንድ ቀን ሳራግፍ ወደቀ» አለችን። በማግስቱ ያንኑ ለክፍሉ እንድትነግር ከፊት አቆምናት። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።