በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ፦ ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከተማ

የእግር ኳስ ክለቦቹ የጎንደሩ ፋሲል ከነማና የባሕር ዳሩ ባሕር ዳር ከተማ የሚፎካከሩት በአንድ አስፋልት ሁለት ጫፍ ላይ ሆነው ነው። መንገዱ ከባሕር ዳር ተነስቶ ዓባይን ይሻገራል፤ ሐሙሲትን አልፎ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ ወረታ ይገባል። ከዚያም ርብን አቋርጦ በአዲስ ዘመን፣ በማክሰኚትና በአዘዞ በኩል ጎንደር ይደርሳል። ርዝመቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚጓዝ ደጋፊ ሁሉ ወረታ ያለችበትን የፎገራን ሜዳ ሳያቋርጥ አያልፍም።

የፎገራ ሰው በሁለቱ ክለቦች ደጋፊነት ለሁለት የሚከፈልበት ምክንያት ከኳሱ በፊት የነበረ ነው። በቀድሞው አስተዳደር ፎገራ የበጌምድር አካል ነበር፤ መቀመጫውም ጎንደር። ባሕር ዳር ደግሞ የጎጃም ነበረች፤ ድንበሩ ዓባይ ነበር። ወረታ ያለችበት ዞን ዛሬም ደቡብ ጎንደር ይባላል። የዕለት ኑሮ ግን ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ባሕር ዳር ቅርብ ናት፤ የአማራ ክልል መንግሥት መቀመጫም እሷው ናት። ጉዳይ ያለው፣ የሚነግድ፣ የሚማርና የሚታከም ሰው ወደዚያ ያቀናል። የአባቶች ታሪክ ወደ ጎንደር፣ የልጆች ኑሮ ወደ ባሕር ዳር ሲስብ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ደጋፊ ቢወጣ አያስደንቅም።

ሰፈር ለይቶ መጫወትም ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በገና ሰሞን የመንደር ጎረምሶች ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዘው ሩር የተባለችውን ኳስ ሲያሳድዱ ኖረዋል። ቡድኑ የሚለየው በመንደር ወይም በላይና በታች ሰፈር ነው። በዚያ ቀን አሽከር ጌታውን በቃል ቢሸነቁጥ ጌታ አይቆጣም፤ ጨዋታው ሲያበቃ ቂሙም አብሮ ያበቃል ተብሎ ይታመናልና። ዱላው በእግር ቢተካም፣ ጎረቤትን በሜዳ አሸንፎ ማታ አብሮ መብላት የሚባለው ሥርዓት ከዚያ ጨዋታ ጋር ይዛመዳል። ጥሩ ተቀናቃኝነት የሚለካውም በዚህ ሥርዓት ነው።

ከሁለቱ ክለቦች ፋሲል ከነማ በ1960 ዓ.ም. ተመሠረተ። ስሙን የወሰደው ጎንደርን ከቆረቆሩት ከዐፄ ፋሲለደስ ነው፤ ደጋፊዎቹም ክለባቸውን «አፄዎቹ» ይሉታል። ለተወሰኑ ዓመታት ጎንደርን በፕሪሚየር ሊጉ ያስጠራ የነበረው ዳሸን ቢራ ነበር። እሱ በ2008 ሲወርድ ፋሲል ቦታውን ተረክቦ ከ2009 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከትልልቆቹ ጋር መጫወት ጀመረ። ባሕር ዳር ከተማ ከሐይቁ ስም ተነስቶ «የጣና ሞገዶቹ» ተባለ። በ2010 ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2011 ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። በአገሪቱ ከፍተኛው ሊግ የሁለቱ ፍልሚያ የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ለደርቢ ዕድሜው አጭር ነው፤ የተከመረበት ታሪክ ግን ብዙ ነው።

በ2011 ፋሲል እስከ መጨረሻው ሳምንት ለዋንጫ ሲፎካከር ቆይቶ በመቀሌ 70 እንደርታ ተቀደመ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን በማንሳት ተካሰ። የ2012 ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 በአሠልጣኝ ስዩም ከበደ መሪነት ፋሲል የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከአማራ ክልል የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ክለብም እሱ ነው። በ2014 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በ2015 ተራው የባሕር ዳር ሆነ፤ በአሠልጣኝ ደግአረገ ይግዛው እየተመራ፣ እሱም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ደረጃን ያዘ። በሦስት ተከታታይ ዓመታት አንድ ሻምፒዮንና ሁለት ሁለተኛ ከአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ወጡ ማለት ነው። አንዱ ከፍ ሲል ሌላውም ይነሳል፤ ጎረቤቱ ዋንጫ ያነሳ ከተማ በመካከለኛ ደረጃ ረክቶ አይቀመጥም።

የሁለቱ ዕጣ በአፍሪካ መድረክም ተሳስሯል። ፋሲል በነሐሴ 2011 የታንዛኒያውን አዛምን በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስተናግድ የተጫወተው በባሕር ዳር ስታዲየም ነበር። 1 ለ 0 አሸንፎ በመልሱ 3 ለ 1 ተረታና ወደቀ። በመስከረም 2014 በሻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላልን የገጠመውም እዚያው ነው፤ 2 ለ 2 ተለያዩ፤ በመልሱም 1 ለ 1 ወጥተው ሱዳናውያኑ ከሜዳቸው ውጭ ባገቡት ጎል አለፉ። የአፄዎቹ ታላላቅ ቀኖች በሞገዶቹ ሜዳ መዋላቸው ለደርቢው ክብር እንጂ ነውር አይደለም። በ2015 ማብቂያ ደግሞ ባሕር ዳር ያንኑ አዛምን በመለያ ምት አሰናበተ። ጎንደር ያልተሳካላትን ባሕር ዳር ፈጸመችው።

ተጫዋችም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሻገራል። ያሬድ ባየህ በፋሲል ከነማ ተከላካይነት ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ2014 ማብቂያ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ተዛወረ። እንዲህ ያለው ዝውውር የደጋፊን ልብ ይፈትናል፤ በሌላው ዓለምም ታሪክ ሆኖ ይቀራል። በአሜሪካ ቤዝቦል ቦስተን ሬድ ሶክስ ቤብ ሩት የተባለውን ኮከብ በ1919 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሸጠ። በ1918 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን የነበረው ቦስተን ከዚያ በኋላ ዋንጫውን ዳግመኛ እስኪያነሳ 86 ዓመት ፈጀበት። በ2004 እ.ኤ.አ. ያነሳውም በግማሽ ፍጻሜ 3 ለ 0 ሲመሩት የነበሩትን ያንኪሶችን በተከታታይ አራት ጨዋታ ረትቶ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የምትገኘው የኮኔቲከት ግዛት ሕዝብ እስከ ዛሬ በሁለቱ ክለቦች ደጋፊነት ተከፍሎ ይኖራል፤ ግዛቷም እንደ ወረታ ያለች ስፍራ ናት። ያ ደርቢ መቶ ዓመት የዘለቀው ግን ሁለቱም ክለቦች በየሜዳቸው ስለተጫወቱና እያንዳንዱ ጨዋታ ስለተመዘገበ ነው።

የፋሲልና የባሕር ዳር ደርቢ የጎደለውም ይኸው ነው። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በዲኤስቲቪ ይተላለፍ ጀመር፤ ጨዋታዎቹም በወረርሽኙና በስርጭቱ ምክንያት በተመረጡ ከተሞች ተሰበሰቡ። ባሕር ዳር ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች፤ ጎንደር ግን ሜዳዋን አጣች። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልሉ በተነሳው ግጭት ባሕር ዳርም ቀረች፤ ጨዋታው ወደ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ሄደ። ስርጭቱ ለወረታ ሰው ምስል አመጣለት፤ በሜዳና ከሜዳ ውጭ የሚባለውን ልዩነት ግን ወሰደበት። ደጋፊ ጭኖ የሚሄድ አውቶቡስ፣ በመንገድ ላይ የሚደረግ ሙግት፣ አሸንፎ ወይም ተሸንፎ በወረታ በኩል መመለስ፣ እነዚህ ከሌሉ ደርቢው እንደማንኛውም የሳምንቱ መርሐ ግብር ይሆናል።

ሰላም ሲሰፍን ጨዋታው ወደ ፋሲለደስና ወደ ባሕር ዳር ስታዲየም መመለስ አለበት። ሜዳዎቹ እስከዚያ መጠገንና ለውድድር የሚያበቃቸውን መመዘኛ ማሟላት ይኖርባቸዋል። ክለቦቹም እስከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም፤ የእያንዳንዱን ደርቢ ቀን፣ ውጤት፣ አሰላለፍና ጎል አግቢ በመዝገብ ማስፈር ይችላሉ። የ2011ን ጨዋታ የተጫወቱና በሜዳው የተመለከቱ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ምስክርነታቸው ሳይረሳ ቢጻፍ ቀጣዩ ትውልድ የሚከራከርበትን ታሪክ በእጁ ይዞ ያድጋል።