ውሃው የት ገባ?

ከዋናው የምጣኔ ሀብት ትምህርት ያፈነገጡ ጸሐፊዎችን ማንበብ እወዳለሁ። “ገበያ ራሱን በራሱ ያርማል” የሚለውን ስብከት አሜን ብለው አለመቀበላቸው ደስ ይለኛል። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ኮምፒዩተር ሲባል ጠበል እንደነካው ሰይጣን ሲሸሹ ሳይ ግን እበሽቃለሁ። ቀመር የባላጋራዎቻችን መሣሪያ ነው፣ የሰው ኑሮ በቁጥር አይያዝም ይላሉ። ጎበዝ፣ ጠላት ጦር ስለያዘ የራስን ጦር መጣል ከየት የመጣ ብልሃት ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከውሃው እንጀምር። ቢል ፊሊፕስ የተባለው የኒውዚላንድ ሰው በ1949 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) አንድ ማሽን ገጣጥሞ ለንደን ለሚገኙ የኢኮኖሚክስ መምህራን አሳየ። ማሽኑ የአገር ኢኮኖሚን ያስመስላል፤ ገንዘቡ ቀለም የገባበት ውሃ ነው። ግብሩ በአንዱ ቧንቧ፣ ቁጠባው በሌላው ይወርዳል። ከአንዱ ጋን የጎደለው የግድ በሌላው ይታያል። ለእኔ የሲሙሌሽን ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ውሃ ይሉኝታ አያውቅም።

ይህን ሒሳብ ወደ ኮምፒዩተር ካሻገሩት አንዱ እንግሊዛዊው ዊን ጎድሊ ነበር። የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ፣ የአንዱ ዕዳ የሌላው ሀብት ነው ብሎ መንግሥትን፣ የግሉን ዘርፍና የውጭውን ዓለም በአንድ መዝገብ አሰፈራቸው። የሦስቱ ሚዛን ተደምሮ ዜሮ ካልመጣ የሆነ ቦታ ውሸት አለ ማለት ነው። በ1999 የአሜሪካ መንግሥት “በጀቴ ተረፈኝ” ብሎ ሲኩራራ፣ ጎድሊ የሌላውን ጓዳ ከፍቶ አየ። አገሪቱ ከምትሸጠው አብልጣ ከውጭ እየገዛች መንግሥት ካተረፈ፣ ቤተሰቡና ኩባንያው እየተበደሩ ነው። ይህ አይዘልቅም ብሎ ጻፈ። ቀኑን አልቆረጠም፤ ጠንቋይ አልነበረም። በ2008 የቤት ዕዳ ስንቱን ሰው ከቤቱ ሲያስወጣ ግን፣ በዋናው ፈለግ ከተሠሩት ሞዴሎች በብዙዎቹ ውስጥ ባንክ የሚባል ነገር እንኳ አልነበረም!

“ኮምፒዩተር የነገሩትን ነው የሚመልሰው” ይሉኛል። እውነት ነው። ብዕርስ? በሚያምር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከየትም ያልመጣ ገንዘብ ሦስት ገጽ አቋርጦ ማንም ሳያየው ያልፋል። በመዝገቡ ሲሆን ሒሳቡ አልዘጋም ብሎ ያጋልጠዋል።

ደግሞም ፋይል ይመረመራል። በ2010 ራይንሃርትና ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር ሊቃውንት የመንግሥት ዕዳ ከአገር ምርት 90 በመቶ ካለፈ ዕድገት ክፉኛ ይቀንሳል የሚል ጽሑፍ አወጡ። “ቀበቶ አጥብቁ” ለሚሉ ፖለቲከኞች ጥሩ ዱላ ሆነላቸው። ጽሑፉ ሲሙሌሽን አልነበረም፤ ተራ የሰንጠረዥ ስሌት እንጂ። በ2013 ያፈነገጡት ሊቃውንት መናኸሪያ በሆነው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት፣ ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ ፋይሉን ለምኖ አገኘና ከፈተው። አምስት አገሮች ከአማካዩ ተዘለዋል። ይህና ሌሎች አከራካሪ ምርጫዎች ሲቃኑ፣ ከዜሮ በታች 0.1 የተባለው አማካይ ዕድገት 2.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ደራሲዎቹ የስሌቱን ግድፈት አመኑ፤ ድምዳሜውን ግን አልለቀቁም።

እስቲ ይንገሩኝ፤ ጽሑፉ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ተማሪ ምኑን ይከፍት ነበር?