«ስታን ሊ የፈጠረው» አትበሉኝ

ስታን ሊ በኖቬምበር 2018 የሞተ ቀን ፌስቡኬ በሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። (ከአሁኑ እንግባባ፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) «የልጅነታችን አባት» ያለ አለ። «ሃልክን የፈጠረ፣ ቶርን የፈጠረ፣ ብላክ ፓንተርን የሰጠን» ያለም አለ። እኔም አልቀረሁም። ያንን መነጽሩንና ፈገግታውን ለጥፌ ከሥሩ የተሰበረ ልብ አስቀመጥኩ። ላይኩ ዘነበ።

ያ ፖስት አሁንም ገጼ ላይ አለ። ማጥፋት እችል ነበር፤ ለማፈሪያ ብዬ ተውኩት። ከዘረዘርናቸው ጀግኖች ስታን ሊ አንዱንም አልሳለም። ባዶ ወረቀት ፊት ቁጭ ብሎ የሃልክን ግንባር፣ የቶርን መዶሻ፣ የብላክ ፓንተርን ጭምብል በእርሳስ ያወጣው ሌላ ሰው ነው። ጃክ ከርቢ ይባላል። ዛሬም ስሙን ስጠራ «እሱ ደግሞ ማነው?» የሚለኝ የማርቭል አድናቂ ብዙ ነው። ፊልሞቹን በተርታ ያየ፣ ቲሸርቱን የለበሰ፣ ግን የሠሪውን ስም ሰምቶ የማያውቅ።

ስታን ሊን ልሰድብ አልተነሳሁም። ጠቤ ከአንድ አባባል ጋር ነው፦ «ስታን ሊ የፈጠረው»። ይቺ አባባል ውሸት ናት። ደግሞ ተራ ውሸት አይደለችም፤ ሰው እንጀራውን የተቀማባት ውሸት ናት።

ከርቢ በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጄኮብ ከርትዝበርግ ነው። ከኦስትሪያ የመጡ አይሁዶች ናቸው፤ አባቱ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ልጁን ሥዕል ያስተማረው የለም ማለት ይቻላል፤ ፕራት ኢንስቲትዩት ገብቶ በሳምንቱ እንደወጣ ራሱ ተናግሯል። ያደገው በመንደር ድብድብ ነው። ገጾቹ ላይ ቡጢ ሲሰነዘር ከወረቀቱ ወጥቶ አፍንጫችንን የሚነካ የሚመስለው ለዚህ ይመስለኛል። የቡጢን ነገር ከመጽሐፍ አልተማረውም።

ወጣት ሳለ ፖፓይን በሚያዘጋጀው የፍሌይሸር ስቱዲዮ ተቀጠረ። ሰው በረድፍ ተደርድሮ ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሥዕል እየተቀባበለ ይሞላል። የአባቱን ፋብሪካ አስታወሰውና ጥሎ ወጣ።

ከዚያ ከጆ ሳይመን ጋር ሆነው ካፒቴን አሜሪካን ፈጠሩ። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ጀግናው ሂትለርን መንጋጋው ላይ ቡጢ ሲያቀምሰው ይታያል። ቀኑን ልብ በሉ፦ እትሙ የማርች 1941 ነው፤ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው ግን በዚያ ዓመት ዲሴምበር ነው። መንግሥት ገና ዳር ቆሞ ሲያይ ሁለት የአይሁድ ልጆች አቋማቸውን በሥዕል ተናገሩ። የናዚ ደጋፊዎች ዛቻ ላኩባቸው፤ ቢሯቸውን ፖሊስ ጠበቀው። መጽሔቱ እንደ ጉድ ተሸጠ። ከትርፉ ፐርሰንት እንሰጣችኋለን የተባሉት ልጆች ግን የተባለው ገንዘብ አልደረሳቸውም። ከአሥረኛው እትም በኋላ ለቀው ሄዱ። ይቺን ፐርሰንት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ1943 ወታደር ሆነ፣ በ1944 ኖርማንዲ ላይ ወረደ። መሳል እንደሚችል ሲታወቅ ወደ ጠላት መስመር እየተጠጋ ካርታ እንዲስል ይልኩት እንደነበር ይተርካል። ክረምቱ እግሩን በብርድ መትቶት ለመቆረጥ ጥቂት ነው የቀረው። ሂትለርን በወረቀት የመታው ሰው በአካልም ሄዷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በ1961 ፋንታስቲክ ፎር ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሃልክ፣ ቶር፣ ኤክስሜን፣ አቬንጀርስ ተከታተሉ። እንዴት ነበር የሚሠሩት? በሌላ ቦታ ጸሐፊው ሙሉ ድርሰት ጽፎ ለሠዓሊው ይሰጣል። ማርቭል ዘንድ ግን ስታን ሊ ጸሐፊም አርታኢም ስለነበር ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ስለ ታሪኩ ያወራሉ፤ አንዳንዴ በስልክ፣ አንዳንዴ በጥቂት ቃል። ከዚያ ከርቢ ሎንግ አይላንድ በሚገኘው ቤቱ ምድር ቤት ይገባና ሃያ ገጽ ታሪክ ይዞ ይወጣል። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ፣ የቱ ጋ እንደሚጣሉ፣ የቱ ጋ ዝም እንደሚባል የሚወስነው እሱ ነው። በየገጹ ህዳግ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ በእጁ ይጽፋል። ገጾቹ ለስታን ሊ ይደርሱና እሱ ንግግሩን ይሞላል። ሲታተም ጸሐፊው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ይባላል። የጸሐፊ ክፍያውም ለተባለለት ሰው ይሄዳል።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። በ1966 ከርቢ ፕላኔት የሚበላውን ጋላክተስን የያዘ ታሪክ ስሎ ላከ። ስታን ሊ ገጾቹን ሲያገላብጥ ፈጽሞ ያልተነጋገሩበት ሰው አየ፦ ሰውነቱ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ፣ ሰማይ ላይ በሰሌዳ የሚንሳፈፍ። ማነው ይሄ? ከርቢ ያሰበው ቀላል ነገር ነው፤ ይሄን የሚያህል ጌታ ቀድሞት የሚሄድ መልእክተኛ ያስፈልገዋል። ሲልቨር ሰርፈር ተወለደ። ይህን ስታን ሊ ራሱ ደጋግሞ መስክሯል። ታዲያ በ1968 ሲልቨር ሰርፈር የራሱ መጽሔት ሲወጣለት ጸሐፊው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ጆን ቡሴማ ሆነ። ከርቢን ያማከረው አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው «እሱ እኮ የሳለው ብቻ ነው» የሚለው ሰው የሚያበሽቀኝ። «ብቻ» ምንድን ናት? በኮሚክ ሥዕሉ የድርሰቱ ማስዋቢያ አይደለም፤ ድርሰቱ ራሱ ነው። በዚያው 1966 ብላክ ፓንተር ሲመጣ ከርቢ የሳለውን ዋካንዳ ፈልጋችሁ እዩት። ጫካው ማሽን ነው፤ ሐረጉ ሽቦ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ነገር ሁሉ ይሠራል። ነጮቹ እንግዶች አፍሪካ ሲደርሱ ጭቃ ቤት ጠብቀው የጠፉበት ቴክኖሎጂ ውስጥ ነው የገቡት። ይህን ሐሳብ በቃል ለመናገር አንድ ድርሳን ያስፈልግ ነበር፤ ከርቢ በእርሳስ ነገረን። ለምን እንደፈጠረው ሲጠየቅ ሥራዎቹ ውስጥ ጥቁር ሰው እንደሌለ ስለታየው መሆኑን ተናግሯል። በ2018 ፊልሙ ወጥቶ እኛ ሲኒማ በር ላይ ስንሰለፍ የተሰለፍነው ለዚያ እርሳስ ጭምር ነበር።

በ1966 መጀመሪያ አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ሁለቱን ሊዘግብ መጣ። ጽሑፉ ስታን ሊን ተጫዋችና ብሩህ አድርጎ ሲስል፣ ከርቢን የፋብሪካ ረዳት ኃላፊ አስመሰለው። አያችሁ? ከአባቱ ፋብሪካ የሸሸው ልጅ ዞሮ ዞሮ ፋብሪካው ጋዜጣ ላይ ጠበቀው።

አሁን ሌላውን ወገን ልስማ፤ ሙግት በአንድ ጆሮ አይሆንም። ስታን ሊ ምንም አልሠራም የሚሉ አሉ። ይሄም ውሸት ነው። ጀግኖቹ የሚቀልዱት፣ የሚነጫነጩት፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቃቸው በእሱ ቃል ነው። ከርቢ በ1970 ማርቭልን ጥሎ ዲሲ ሲገባ ብቻውን የጻፋቸው አዳዲስ አማልክት ዳርክሳይድን የመሰለ ግዙፍ ክፉ ወለዱ፤ የታኖስ ፈጣሪ ጂም ስታርሊን ራሱ መነሻው ከዚያ መሆኑን ተናግሯል። ግን ንግግሮቹ ይደርቃሉ፣ ዋናዎቹ መጽሔቶች ብዙ ሳይቆዩ ተቋረጡ። ካረጀ በኋላ ደግሞ በምሬት ብዛት የስታን ሊን ድርሻ በሙሉ ክዷል፤ ስፓይደርማንንም የኔ ነው ብሏል። ስፓይደርማን ላይ እርሳሱ የስቲቭ ዲትኮ ነው። ስለዚህ ከርቢም ቅዱስ አልነበረም። ግን ሁለቱ አብረው ሠሩ ማለት አንድ ነገር ነው፤ አንዱን ፈጣሪ ሌላውን እጅ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ደግሞ «ፈርሟል፣ ተከፍሎታል፣ ምን ይፈልጋል?» የሚል ነው። ይሄ ከነጋዴ አፍ ቢወጣ አይገርመኝም፤ ከእኛ ከወጣቶቹ አፍ ሲወጣ ግን ያመኛል። የሚከፈለው በገጽ ነበር። ሮያሊቲ የለም። ቼኩ ጀርባ ላይ መብቱን ለድርጅቱ እንደሚያስረክብ የሚገልጽ ጽሑፍ ታትሟል፤ ቼኩን ለመመንዘር እዚያው ላይ መፈረም አለበት። ቤት ውስጥ አራት ልጆች አሉ። እስቲ አትፈርም!

በ1980ዎቹ ማርቭል የቆዩ ኦሪጅናል ሥዕሎችን ለሠዓሊዎቹ መመለስ ሲጀምር ለሌሎቹ አጭር ቅጽ ሰጠ። ለከርቢ ግን ለብቻው አራት ገጽ ውል መጣለት። ገና ሳይፈርም ሊመለስለት የታሰበው ደግሞ፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ገጾቹ ውስጥ፣ 88 ገጽ ብቻ ነበር። እንደ ፍራንክ ሚለርና አለን ሙር ያሉ ሠሪዎች በአደባባይ ተሟገቱለት። በ1987 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ገጽ ተመለሰለት፤ የቀረው ቀረ። በዚያን ጊዜ ሰውየው ሰባ ዓመት ሞልቶታል።

በፌብሩዋሪ 1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተ። በ2009 ዲዝኒ ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። በዚያው ዓመት ልጆቹ መብታቸውን ለማስመለስ ማስታወቂያ ላኩ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2011 ተረቱ፣ በ2013 ይግባኝ ላይም ተረቱ። ሥራው በድርጅቱ ትእዛዝና ወጪ የተሠራ ነው ተባለ። በ2014፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ልየው አልየው ብሎ ሊነጋገር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ተስማሙ። በ2017 ዲዝኒ ከርቢን ከባለ ታሪኮቹ ተርታ አስገብቶ ሸለመው። ከሞተ 23 ዓመቱ ነበር።

እስካሁን ዳኛ መስዬ ተቀምጫለሁ። አሁን ወደ ተከሳሽ ሳጥን ልግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የልጆች መጽሐፍ አሳተምኩ። ስለ አንድ ከመንደር የጠፋ ፍየል ነው። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ ፍየሉ «ፍየል» ነው፤ ሌላ ምንም አልተባለለትም። ሥዕሉን የሠራችው ልጅ ግን ጆሮው የተቀደደ፣ አንገቱ ላይ የቆርኪ ሐብል ያሰረ ፍየል አድርጋ አመጣችው። ልጆቹ የወደዱት ቆርኪውን ነው። በምርቃቱ ቀን አንዲት ሕፃን እጇን አውጥታ «ቆርኪውን ከየት አገኘው?» አለችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ስለ ልጅነቴና ስለ ቆርኪ ጨዋታ አንድ ቆንጆ ታሪክ ፈጠርኩ። ተጨበጨበልኝ። ሠዓሊዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብላ ታጨበጭብ ነበር።

ሽፋኑ ላይ ያለው የእኔ ስም ብቻ ነው። የእሷ ስም ውስጥ፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ሥር፣ በትንንሽ ፊደል። የኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ እንኳ በኛው አቆጣጠር ነው) ለሥራ አመንጪ በስሙ የመታወቅ መብት እንደሚሰጥ ያኔም አውቅ ነበር። ማወቄ ምን ፈየደ? ስሟን አልደበቅኩም እኮ፤ ማንም በማያይበት ቦታ ነው ያስቀመጥኩት። ማርቭልም ይኸው ነው ያደረገው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው። ቀጥሎ ስለ ማርቭል ስትጽፉ «ሊ እና ከርቢ» በሉ፤ ስፓይደርማን ከሆነ «ሊ እና ዲትኮ» በሉ። የልጆች መጽሐፍ፣ የአልበም ሽፋን፣ የፊልም ፖስተር ስታጋሩ ማን እንደሳለው ፈልጉ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ሲባል የሰማነው ለጌጥ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ልጀምር ስል ለሠዓሊዋ ደወልኩ። ሁለተኛው እትም ሽፋን ላይ ስምሽ ከስሜ እኩል ይወጣል አልኳት። ይቅርታም ጠየቅኩ። ትንሽ ዝም አለችና «ያኔ እኮ መጽሐፍ ላይ መውጣቴ ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። ልቤ ቀለል አለልኝ። ቀጠል አድርጋ ግን «እሺ፣ ከሁለተኛው እትም ሽያጭ ፐርሰንቴ ስንት ነው?» አለችኝ።

ስለ ከርቢ ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ይህን ሁሉ ተቆጥቼ፣ ያ ጥያቄ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «አስቤበት ልደውልልሽ» አልኳት። አሁን ይህን ጨርሼ እደውላለሁ፤ ግማሽ በግማሽ ነው የምላት።