ሁለተኛውን ናዳ እንጠንቀቅ

ናዳ ሲወርድ ሕዝባችን የሚያደርገው የታወቀ ነው። ጩኸት የሰማ ሁሉ ዶማና አካፋውን ይዞ፣ መሣሪያ ያጣም በባዶ እጁ፣ ወገኑን ከአፈር ሥር ለማውጣት ይሮጣል። ይህ ልንኮራበት የሚገባ ባህል ነው። ይሁን እንጂ ርብርቡ ሥርዓት ካልተበጀለት ጉዳቱ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ጎፋ ላይ አይተናል።

በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተናደ መሬት ጥቂት ቤቶችን ቀብሮ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የአካባቢው ነዋሪ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛ ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ለእርዳታ የደረሱ ነበሩ።

ሁለተኛው ናዳ የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዝናብ ወደ አፈር ሲሰርግ በቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ የውኃው ግፊት ሲጨምር ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት ሰበቃ ይቀንሳል። የአፈሩ ክብደት ደግሞ ይጨምራል። የተዳፋቱ የታችኛው ክፍል ተንዶ ሲሄድ ከላይ የቀረው መሬት ደጋፊውን ያጣል፤ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ፣ ተሰነጣጥቆና በውኃ እንደራሰ ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ናዳ መቆም የአደጋው ማብቂያ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የበረዶ ተራሮች ባሉባቸው አገሮች ይህ ትምህርት በብዙ ሕይወት ተገዝቷል። የበረዶ ናዳ በአብዛኛው የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብሉ ተዳፋቶች ላይ ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አደጋው በ5 ደረጃዎች እየተመደበ ለመንገደኛው ይነገረዋል። አስጊ ተዳፋት የሚያቋርጡ ተጓዦች አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ የቀሩት ከአስተማማኝ ስፍራ ሆነው ይመለከታሉ። ሰው ሲቀበርም አዳኞች መጀመሪያ ከላይ የቀረ ናዳ መኖሩን ያያሉ፤ ጠባቂ ያቆማሉ፤ የሚሸሹበትንም አቅጣጫ አስቀድመው ይስማማሉ።

ጉዳዩ ጌዴኦንም ይመለከታል። ከዲላ በይርጋጨፌ በኩል ወደ ጨለለቅቱ የሚጓዝ ሰው ቤቶች፣ ቡናና እንሰት በገደላማ ተዳፋቶች ላይ ተጠጋግተው ያያል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ዛፍን ከእንሰትና ከቡና ጋር አዋሕዶ አፈሩን ይዞ ኖሯል። ነገር ግን ሥር የሚይዘው ሥሩ እስከሚደርስበት ጥልቀት ድረስ ነው፤ ከዚያ በታች ለሚነሣ ናዳ ዛፍ ብቻውን ዋስትና ሊሆን አይችልም።

በመሆኑም በጨለለቅቱና በአካባቢዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከዩኒቨርሲቲው መምህራን ጋር ሆነው ሥራ ቢጀምሩ መልካም ነው። ቀጥ ያለ ጣሳና ማስመሪያ የየዕለቱን ዝናብ ለመለካት ይበቃሉ። በተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ መታየቱ፣ ዛፎች ማዘንበላቸው፣ ምንጭ በድንገት መደፍረሱ፣ የቤት በር አልዘጋ ማለቱ በጊዜ ለቀበሌ ሊነገሩ የሚገባቸው ምልክቶች ናቸው። ስንጥቅ እየሰፋ ከሄደ ቤቱን ለቅቆ መውጣት ይገባል።

«ሰው አፈር ሥር እያለ እንዴት እንቆማለን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእርግጥም መዘግየት ይገድላል። ነገር ግን አንድ ሰው ከፍ ብሎ ተዳፋቱን እንዲጠብቅ ማቆም፣ የማስጠንቀቂያ ጩኸትን መወሰን፣ ቆፋሪውን ጥቂት አድርጎ ማፈራረቅና ሌላውን ሕዝብ ከናዳው መንገድ ማራቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይህ ሥርዓት አስቀድሞ በዕድርና በትምህርት ቤት ከተለመደ በጭንቅ ሰዓት ክርክር አያስነሣም። ወገንን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ራሱም በሕይወት ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።